በሞተር እስከ ዲንሾ፦ አምስት ሞተር፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ አንድ የድንኳን ሰፈር

ከቀኑ 10 ሰዓት። ይህን ሰዓት ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእሱ ወደ ኋላ እየተቆጠረ የሚመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሌ፣ ዲንሾ የሚያድር የሞተረኛ ቡድን በ10 ሰዓት ሞተሩን አጥፍቶ ድንኳን መዘርጋት አለበት። ዲንሾ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይ ዘወር ካለች ብርዱ ፋታ አይሰጥም። ጣቱ ደንዝዞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በጨለማ የድንኳን ዘንግ በባትሪ የሚፈልግ ሰው በማግስቱ “እኔ ድንኳን አይስማማኝም” ይላል። ድንኳኑ ምን አደረገው? ቢሾፍቱ ላይ ቁርስ ያራዘመው ራሱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መንገዱ በአሰላ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ 125 ወይም ባለ 150 ሲሲ ሞተር ተጭኖ፣ ከተማ ለከተማ እየቀነሰ፣ ሻይና ቤንዚን ተጨምሮበት በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጥሩ ነው። ስለዚህ አሥር ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከከተማ ከወጣችሁ 10 ሰዓት ላይ ትገባላችሁ፤ እስኪጨልም ያለው ሁለት ሰዓት ለፈነዳ ጎማ የተቀመጠ ነው። “እኔ በ80 ነው የምነዳው” የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ይንዳ፤ ቡድኑ የሚደርሰው የመጨረሻው ሞተር ሲደርስ ነው።

መንገዱና ወሩ

ወደ ባሌ በሻሸመኔም ይገባል። እኔ ግን አዳማ፣ ዴራ፣ ኢተያ፣ አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ፣ አሳሳ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ የሚለውን እመርጣለሁ፤ ከአዳማ በኋላ የከባድ መኪና ግፊያው ይቀንሳል፣ አየሩም ለሞተር ይስማማል። እስከ አዳማ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር የምንሄደው በአሮጌው መንገድ ነው፤ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። የጉዞው አደገኛ ክፍል ይኼ ነው። የጅቡቲ ተሳቢዎች፣ ሲኖትራኩ፣ ድንገት የሚቆመው ሚኒባስ፣ መሃል የሚሻገረው ባጃጅ። ማልዶ መውጣት የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

ወሩ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በምትኩ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አርሲ የስንዴ አጨዳ ላይ ስለሚሆን መንገዱን ሞልቶ የሚመጣ ኮምባይነር ከመታጠፊያው ጀርባ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። እኔ የምጠይቀው ሮቤና ጎባ የሚመላለሱትን የአውቶቡስ ሾፌሮች ነው፤ ትናንት ያለፈ ሰው የሚነግረኝን ነው የማምነው። “አይ፣ ይቆይ” ካሉ ይቆይ። ተራራው የትም አይሄድም።

ሰውና ሞተር

አራት እስከ ስድስት ሞተር በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ አንዱ ሽንት ቤት ሲል፣ አንዱ ካርድ ሲሞላ፣ አንዱ ሲደውል ቀኑ ያልቃል። የሞተሩ ዓይነት ብዙም አያከራክረኝም፤ ቦክሰርም፣ ዲቲም፣ አፓቼም ሄዶበት ተመልሷል። የሚያከራክረኝ ጥገናው መቼ ተሠራ የሚለው ነው።

ጥገና ከጉዞው ዋዜማ አይሠራም። ሁሉንም ከአንድ ሳምንት በፊት ጨርሱና ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ንዱት። የተነካ ነገር ሁሉ መላላት ይወዳል፤ አዲስ የተቀየረ ዘይት ከመፍሰሻ ብሎኑ ይንጠባጠባል፣ የተፈታ ጎማ ዳዶው ሳይጠብቅ ይረሳል። ይህን ሰፈራችሁ ውስጥ ብታዩት ይሻላል ወይስ በቆጂና አሳሳ መካከል፣ መራሮ ዳገት ላይ?

ሰንሰለቱን ጭነቱን ጭናችሁ፣ ራሳችሁ ተቀምጣችሁበት ለኩ። ባዶውን የተስተካከለ ሰንሰለት ጭነት ሲመጣ ይከራል። ለአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች መሃሉን በጣት ሲነኩት ወደ ላይና ወደ ታች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጫወት ይበቃል። የፍሬን ሸራውን እዩ። የአየር ፊልትሮውን ደግሞ አጽዱ፤ የከተማ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ባሌ ላይ ያዋርዳችኋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን የለመደውን ቤንዚን ነው የሚረጨው። ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ያስላል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ታፍኖ የመጣ ፊልትሮ ሲጨመርበት በአንደኛ ማርሽ ማልቀስ ነው።

መለዋወጫ ለእያንዳንዱ ሰው አይያዝም፤ ለቡድኑ ይያዝና ይከፋፈል። የፊትና የኋላ ካላማዳርያ፣ ሁለት የጎማ ሌቫ፣ የእጅ መንፊያ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ የሰንሰለት መገጣጠሚያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ፊውዝ። የፍሪሲዮን ካቦ ትርፉን ቦርሳ ውስጥ አትያዙ፤ ከአሮጌው ጎን አስተኝታችሁ በናስትሮ እሰሩት። ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ማጋባት ብቻ ነው የሚቀረው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወረቀቱም የጥገናው አካል ነው፦ የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የሞተር እንቅስቃሴን ከገደበች ወዲህ ሞተር የያዘ ሰው ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። አምስት ሞተር ተከታትሎ ሲመጣ ፌርማታ ሙሉ ሰው ያያል፤ ትራፊክም ያያል።

አጫጫን

ከባዱ ወደ ታችና ወደ ፊት፣ ቀላሉ ወደ ላይና ወደ ኋላ። ውሃ፣ መፍቻና ምግብ በሁለቱ ጎን ይንጠልጠል፤ ስሊፒንግ ባግና ድንኳን ከኋላ መጫኛው ላይ ይታሰር። ከኋላ ጎማው ዘንግ ወደ ኋላ የሚያልፍ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ ዳገት ላይ መሪው እንደ ወፍ ላባ ሲሆንባችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ለማሰሪያ ከሚሸጠው ባለ ሜንጦ ላስቲክ ይልቅ የተጣለ ካላማዳርያ በሁለት ጣት ስፋት ቀድዳችሁ ተጠቀሙ። ጎሚስታ ጋ በነፃ ይገኛል፣ አይንሸራተትም፣ ሜንጦው ተስፈንጥሮ ዓይን አያጠፋም። ካሰራችሁ በኋላ ጭነቱን ይዛችሁ ሞተሩን በሙሉ ነቅንቁት፤ ጭነቱ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ዱከም አካባቢ፣ ቆማችሁ ደግማችሁ አጥብቁ። ውሃ የማያስገባ ቦርሳ የሌለው ሰው ልብሱን በወፍራም ፌስታል ጠቅልሎ ማዳበሪያ ውስጥ ቢከት ማንም አይስቅበትም። ቢሳቅም ልብሱ ደረቅ ነው።

ልብስ

በአንድ ቀን ሦስት አየር ታልፋላችሁ። አዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፤ አዳማ 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጃኬት ያስወልቃል፤ ከዚያ አሰላ፣ በቆጂ (2,800 ሜትር አካባቢ) እያላችሁ ዲንሾ ድረስ መውጣት ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት አይረዳችሁም። ስስ፣ ሞቃት፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ፤ ሦስቱን እየደረባችሁና እያወለቃችሁ ሂዱ። ንፋሱ ደረት ላይ ካስቸገረ ጋዜጣ ወይም ፌስታል ከጃኬቱ ሥር ማስገባት የድሮ ሾፌሮች ብልሃት ነው፣ ይሠራል። ጓንት ሁለት ያዙ። ሄልሜት ያለ መስታወት አይሆንም። የሄልሜት ማሰሪያውን የማያስር ሰው ካለ ከመነሳታችሁ በፊት ተጣሉት።

ቤንዚን

የኔ ሞተር ተጭኖ በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ለ400 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ከግማሽ እይዛለሁ ብዬ ነው የማስበው። እናንተም የራሳችሁን አንድ ቀን ሞልታችሁ፣ ነድታችሁ፣ ደግማችሁ ሞልታችሁ ለኩ። ደንቡ “ግማሽ ሲደርስ ሙላ” ነው፤ ባዶ እስኪሆን አይጠበቅም፤ ቀጣዩ ማደያ “ቤንዚን የለም” የሚል ካርቶን ሰቅሎ ሊሆን ይችላል። አዳማ፣ አሰላና ዶዶላ ላይ እናንተም ሞተሩም ጠጡ። የሚከፈለው በቴሌብር ስለሆነ የስልክ ባትሪም እንደ ቤንዚን ይቆጠራል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ሠልፍ ላይ መቅረት አለ።

መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ካልቸገራችሁ አትንኩ። ከቸገራችሁ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አንሱና እዩት፤ ከታች መስመር ሠርቶ የተኛ ካለ ውሃ ነው። በሻሽ አጣርታችሁ ቅዱ።

መንገድ ላይ

ፊት የሚነዳው መንገዱን የሚያውቀው ነው፤ ሁለተኛው ደካማው ሞተር፤ የመጨረሻው መፍቻና ካላማዳርያ የያዘው፣ እጁ ብልህ የሆነው ሰው። ደካማውን መጨረሻ የሚያደርጉ ቡድኖች አሉ፤ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያባርር ውሎ ዳገት ላይ ይሳሳታል።

አንዱ የሌይኑን ግራ ሲይዝ ተከታዩ የሌይኑን ቀኝ ይያዝ፤ በመካከላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይኑር። ኩርባ ላይና ከተማ ውስጥ ግን በነጠላ። እያንዳንዱ ሰው ኃላፊነቱ ከኋላው ያለው ሰው ነው፤ በመስታወት ካጣው ይቀንሳል፣ ካልመጣ ይቆማል፣ ፊት ያለው ደግሞ እሱን ሲያጣ ይቆማል። በዚህ ደንብ ስልክ ሳይነካ ቡድኑ ራሱን ይሰበስባል። መታጠፊያ ላይ ሁሉም እስኪደርስ ማንም አያልፍም። ቀድሞ ማለፍ ደግሞ ለየግል ነው፤ ፊት ያለው ሲኖትራኩን አለፈ ማለት ለእናንተም መንገዱ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

ከአሰላ በኋላ የመንገዱ ባለቤት እንስሳ ነው። በግ አንዱ ከተሻገረ ሌላውም ይሻገራል፣ አህያ መሃል ላይ ቆሞ ያስባል፣ ጋሪ መብራት የለውም። ውሻ ሲያባርራችሁ ቀንሱ፤ ቀድሞ የሚገናኛችሁን ቦታ አስልቶ ስለሚሮጥ ፍጥነታችሁን ስትለውጡ ይስታል፤ አጠገባችሁ ሲደርስ ጨምራችሁ እለፉ። እግር መሰንዘር የሚጥለው እናንተን ነው። በቆጂ ላይ ደግሞ የምታዩት በሠልፍ የሚሮጥ ወጣት ነው። የደራርቱ ቱሉና የቀነኒሳ በቀለ አገር ናት፤ ክላክስ ሳታደርጉ ራቅ ብላችሁ እለፏቸው።

አሰላ ወይም በቆጂ ላይ ጭኮ ግዙ። የተቆላ ገብስና ቅቤ ነው፤ ሁለት ጉርሻ እስከ ማታ ያቆማል፣ በብርድ ደግሞ አይበላሽም።

ጎማ ይፈነዳል፤ “ከፈነዳ” አትበሉ። እኔን የያዘኝ ከአሳሳ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ሚስማሯን አገኘኋት፣ ካላማዳርያውን ቀየርኩ፣ በእጅ መንፊያ ላቤ እስኪንቆረቆር ነፋሁ፣ 2 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ እንደገና ተኛ። እየገፋን አንድ ጎሚስታ ጋ ደረስን። ሽማግሌው ካላማዳርያውን ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋውን አዩና ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን አሳዩኝ።

“ይኼ ሚስማር አይደለም ልጄ። ሌቫህ ነክሶት ነው።”

“አዲስ ነበር ጋሼ።”

“አዲስነቱማ ይታያል። ትንሽ ነፋ አድርገህ ነው የምታስገባው፤ ክብ ሲሆን ከሌቫው ይሸሻል።”

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ከጎማው ውስጥ ሙሉውን ዙር በጣቴ ዳስሼ ሚስማሩን አወጣለሁ፤ ካላማዳርያው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ እነፋዋለሁ፤ ጎማውን በጉልበቴ ወደ ሪሙ መሃል እየገፋሁ በተቻለ መጠን በእጄ አስገባዋለሁ፤ ሌቫውን የምጠቀመው ለመጨረሻዋ ስንዝር ነው፣ እሷንም ትንሽ ትንሽ። የመጨረሻዋ ስንዝር ቫልቩ ጋ እንድትሆን ከተቃራኒው ወገን እጀምራለሁ።

ሰፈሩ

ከአዳባ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ጋይሳይ ሜዳ ስትደርሱ ቀንሱ፤ የደጋ አጋዘን መንገዱን ሲሻገር የምታዩት እዚያ ነው፣ ከርከሮም አይጠፋም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ነው። የመግቢያና የድንኳን ክፍያውን እዚያ ትከፍላላችሁ፤ ደረሰኙን ጠብቁት፣ በማግስቱ የምትወጡበት ሳነቴ አምባ ላይ ያስፈልጋችኋል። ስካውቱን፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ በትሕትና ያዙት፤ “አካም” ብላችሁ ጀምሩ፣ “ገለቶሚ” ብላችሁ ጨርሱ፣ ሻይ አቅርቡለት። የት ንፋስ እንደሚገባ፣ የት ውርጭ እንደሚተኛ የሚያውቀው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሞተር ይቆማል፣ ድንኳን ይተከላል፣ መኝታ ይዘረጋል፣ ደረቅ ልብስ ይለበሳል፤ ወሬና ፎቶ ከዚያ በኋላ። ዝቅ ያለ ቦታ አትምረጡ፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። የድንኳኑ በር ከንፋሱ ዞሮ ይሁን። የሞተራችሁ መቆሚያ እርጥብ ሣር ውስጥ ሰምጦ ሌሊት እንዳይወድቅ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ።

ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከሥር ምንም የሌለው ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። የስፖንጅ ምንጣፍ ከሥር፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ውስጡ ጋቢ። የጋቢን ነገር ሌላ አይተካውም። አረቄ ያሞቃል የሚል ካለ ለአንድ ሰዓት ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰውነቱን ሙቀት አውጥቶ ስለሚሰጥ ይብሳል።

አንድ ነገር ግን ለክርክር አላቀርበውም። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። የጠፋ የመሰለ፣ አመድ የለበሰ፣ “ለአምስት ደቂቃ ብቻ” የተባለም አይገባም። ጭሱ የማይታየው ጋዝ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ምድጃም እንዲሁ፤ ማብሰል ውጭ ነው። እሳት ማንደድ ፓርኩ በፈቀደው ቦታ ብቻ ነው፣ እንጨትም አይቆረጥም፤ አስታው፣ የተራራው ቁጥቋጦ፣ አንዴ ከተያያዘ የሚያቆመው የለም።

ለእራት ፓስታ ይዘው የሚመጡ አሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፓስታው ጋዛችሁን ጨርሶ ጥርስ ላይ ይቀራል። ድርቆሽ ያዙ። ቋንጣውን ቤት ውስጥ ከበርበሬና ከቅቤ ጋር አብስላችሁ በዕቃ አምጡ፤ ውሃ አፍልታችሁ ድርቆሹን መፈርፈር ነው። አምስት ሰው በሩብ ሰዓት ይበላል። የተረፈ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደርም፤ ጅቡ ሩቅ አይደለም።

ራስ ምታት ያለበት ሰው ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳነቴ ላይ ለማደር የሚቸኩሉ አሉ፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚያው ቀን 4,000 ሜትር ላይ መተኛት ለራስ ምታት መጋበዝ ነው። ዲንሾ እደሩ፣ በማግስቱ ውጡ።

በማግስቱ፣ ሳነቴ

ጠዋት ኮርቻው በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቾኩን ሙሉ ስባችሁ፣ ቤንዚን እጀታውን ሳትነኩ አስነሱ፤ እየረገጣችሁ ቤንዚን ከሰጣችሁ ካንዴላው ይረጥባል። ከረጠበ ፈትታችሁ ጠርጉት፣ ምድጃው አጠገብ አሙቁት፣ መልሱት። ተነስቶ ሲሞቅ ቾኩን መመለስ አትርሱ።

ድንኳኑን ዲንሾ ትታችሁ ባዶውን ውጡ። ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጎባ ከሮቤ 14፤ አንዱ ላይ ቤንዚን ሙሉ፣ ከጎባ በላይ ያለው ዳገት ይጠጣል። ኮረኮንቹ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ የፊት ፍሬን በሁለት ጣት ብቻ። ሞተሩ ሲያስል አታስገድዱት፤ ማርሽ ቀንሱለት። አምባው ላይ ስትወጡ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እንደ ዘብ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ የሚወጣበት መንገድ አለው፣ ሞተር ይሄድበታል።

ከመንገዱ ግን አንድ ጎማ እንኳ አታውጡ። ያ ሣር ሜዳ ከሥሩ በሙሉ የፍልፈል ጉድጓድ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በፍልፈሉና በአይጡ ነው፣ በዓለም የቀረው ከ500 አይበልጥም ይባላል፣ ከግማሽ በላዩ ያለውም እዚሁ ባሌ ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቀበሮውን ማየት የፈለገ ሞተሩን አጥፍቶ መንገድ ዳር ይቀመጥ። እኛ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን፣ ወሬ አልቆ፣ አንዱ ጭኮ እያወጣ ሳለ ነው ከሃምሳ ሜትር ላይ ብቅ ያለው፤ እሱ እኛን አላየም፣ ጆሮው መሬቱ ላይ ነበር።

ከ7 ሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚወርድ እስከ 8 ሰዓት ጎባ ግቡ። ያን ማታም ዲንሾ ታድራላችሁ። መመለሻው በሦስተኛው ቀን፣ ማልዳችሁ፣ የኋላ ጎማ ዳዶውን ደግማችሁ ካጠበቃችሁ በኋላ ነው፤ ኮረኮንቹ አላልቶታል።